የበላይና የበታች መኖር ግድ ነውን?

ከዚህ ቀጥሎ የቀረበው ጽሑፍ አንድን አከራካሪ ጥያቄ አንሥቶ በማስረጃ የሚያብራራ ነው። በምታነቡበት ጊዜ ጸሐፊው ቃላትን እንዴት እንደሚተረጉም፣ ተቃራኒውን ሐሳብ እንዴት እንደሚያስተናግድና ከምሳሌ ተነሥቶ ወደ መደምደሚያ እንዴት እንደሚደርስ አስተውሉ።

ስለ ተውላጠ ስም በተማራችሁበት ጊዜ፣ ዐማርኛ ለሁለተኛ መደብ ነጠላ ቁጥር «አንተ»ና «አንቺ» በማለት ብቻ እንደማይወሰን፣ «እርስዎ»ና «አንቱ» የሚሉ የአክብሮት ቃላትም እንዳሉት አይታችኋል። ግሡም ዐብሮ ይለወጣል፤ ለእኩያ «ተቀመጥ»፣ ለትልቅ ሰው «ይቀመጡ» ይባላል። እንግዲህ በዐማርኛ አንድን ሰው ለማስቀመጥ እንኳ ተናጋሪው አስቀድሞ በልቡ የሚመልሰው ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ይህ ሰው ከእኔ በላይ ነው፣ በታች ነው፣ ወይስ እኩያዬ ነው?» የሚል ነው። ሕፃን ይህን የሚማረው አፉን በሚፈታበት ዕድሜ ስለሆነ፣ ጥያቄውን መጠየቁንም ሆነ መመለሱን ልብ አይለውም።

ገና በልጅነት የለመዱት ነገር ደግሞ የተፈጥሮ ሕግ መስሎ ይታያል። አበው «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ሲሉ የተረቱት ይህንኑ ያሳያል። ተረቱ ንጉሡን ያስቀመጠው ከሌላ ሰው ጎን ሳይሆን ከሰማይ ጎን ነው። ሰማይ የማይታረሰው አራሽ ስለ ሰነፈ ወይም በሬ ስለ ጠፋ አይደለም፤ ነገሩ ከቶ ስለማይቻል ነው። ንጉሥም እንደዚሁ ነው ማለቱ ነው። ለመሆኑ ይህ እውነት ነውን? አንዱ በላይ፣ ሌላው በታች ሆኖ መኖር ለሰው ልጅ ኅብረተሰብ የማይቀር ዕጣ ነውን? ጥያቄው የሥራ ፈት ጥያቄ አይደለም። የበላይና የበታች መኖር ግድ ከሆነ የተጨነቀው መታገሥ፣ ያስጨነቀውም ራሱን ነጻ ማድረግ ይችላል። ግድ ካልሆነ ግን ሁለቱም የሚጠየቁበት ጉዳይ ይሆናል።

መልሱን ከመፈለጋችን በፊት የቃሉን ትርጉም መወሰን ይገባናል። ሰዎች ከላይ እስከ ታች በደረጃ የሚሰለፉበትን ሥርዓት «ተዋረድ» እንለዋለን። ይሁን እንጂ ተዋረድ ሁለት ዐይነት ነው። አንደኛው የሥራ ተዋረድ ነው። በደቦ ዐጨዳ ላይ አንድ ሰው መስመሩን ይመራል፤ ሌሎቹ ይከተሉታል። በቀዶ ሕክምና ጊዜ ሐኪሙ ያዝዛል፤ ረዳቶቹ ያቀርባሉ። ዐጨዳው ሲያበቃ፣ ሐኪሙም ከክፍሉ ሲወጣ ትእዛዙ ያበቃል። ሁለተኛው የማዕረግ ተዋረድ ነው። በዚህ ውስጥ አንድ ሰው የበላይ የሚሆነው በያዘው ሥራ ሳይሆን በመወለዱ፣ በዘሩ፣ በጾታው ወይም በሀብቱ ነው፤ የበላይነቱም በዕርሻም፣ በገበያም፣ በችሎትም፣ በለቅሶ ቤትም ዐብሮት ይዞራል፤ ለልጁም ይተላለፋል። ስለ ተዋረድ የሚደረገው ክርክር ብዙ ጊዜ የሚደበላለቀው እነዚህ ሁለቱ እንደ አንድ ስለሚታዩ ነው።

ተዋረድ የተፈጥሮ ሕግ ነው የሚሉ ሰዎች በቅድሚያ የሚጠቅሱት እንስሳትን ነው። ለዚህም ምሳሌ ከባሌ ተራሮች ማግኘት ይቻላል። ከጎባ ወደ ደቡብ ሲወጡ በሚገኘው፣ ከባሕር ወለል በላይ 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው የሳነቴ አምባ ላይ ቀይ ቀበሮ በመንጋ ይኖራል። በመንጋው ውስጥ በግልጽ የበላይ የሆነች እንስት አለች፤ አብዛኛውን ጊዜ የምትወልደውም እርሷ ብቻ ስትሆን የቀሩት ግልገሎቿን በመመገብና በመጠበቅ ይረዷታል። እነዚሁ ቀበሮዎች ግን አይጥና ፍልፈል ለማደን ሲሰማሩ እያንዳንዳቸው ለየብቻቸው ይሄዳሉ፤ አዛዥም ታዛዥም የለም። ስለዚህ በአንድ መንጋ ውስጥ እንኳ ተዋረድ ለአንዱ ጉዳይ ኖሮ ለሌላው ሊጠፋ ይችላል።

ሁለተኛው ምሳሌ የበለጠ ያስተምራል። ከሳነቴ አምባ ቁልቁል ሲወርዱ ሰፊው የሐረና ደን ይገኛል። በዚያ፣ በአንገቱና በአካባቢው፣ ገበሬው ቀፎውን ከረዥም ዛፍ ላይ ሰቅሎ ማር ይቆርጣል። ሰዎች ቀፎን ሲመለከቱ ንጉሥና ሠራዊት ያዩ ይመስላቸዋል። በአገራችን የንቧን እናት «አውራ» ማለት የተለመደ ነው፤ ጥንታዊው የግሪክ ፈላስፋ አርስጣጣሊስም «ንጉሥ» ብሏት ነበር። ኋላ የተደረገው ምርምር ግን «ንጉሥ» የተባለችው እንስት መሆኗን፣ ሥራዋም እንቁላል መጣል እንጂ ትእዛዝ መስጠት አለመሆኑን አረጋገጠ። የንብ መንጋ አዲስ ማደሪያ ሲፈልግ ቦታውን የምትመርጠው እናቲቱ አይደለችም። ቃኚ ንቦች ልዩ ልዩ ቦታ አይተው ይመለሳሉ፤ ያዩትንም በውዝዋዜ ያስታውቃሉ፤ ሌሎች ንቦችም ሄደው ያጣራሉ፤ ድጋፍ ያገኘው ቦታ ይመረጣል። ሰው እንግዲህ ከቀፎው ያነበበው የንብን ሕግ ሳይሆን የራሱን ቤተ መንግሥት ነበር ማለት ነው። ስለዚህ «ተፈጥሮ እንዲህ ታዝዛለች» የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ፣ ተናጋሪው የሚያሳየን ተፈጥሮን ነው ወይስ የለመደውን ሥርዓት ብላችሁ ጠይቁ።

ከእንስሳት ወደ ሰው ስንመለስ፣ ተዋረድ በሁሉም ዘንድ በእኩል መጠን እንደማይገኝ እንረዳለን። በታንዛንያ በኤያሲ ሐይቅ አጠገብ የሚኖሩት፣ በዐደንና በፍራፍሬ ለቀማ የታወቁት ሐድዛዎች በባህላቸው አለቃ የላቸውም። ሊያዝዝ የሚቃጣው ሰው ቢነሣ የቀሩት ሰፈራቸውን ለቅቀው ወደ ሌላ ይሄዳሉ። በደቡብ አፍሪካ ክፍል በካላሃሪ በረሃ በሚኖሩት በኩንግ ሰዎች ዘንድ ደግሞ ትልቅ አውሬ ገድሎ የተመለሰ ዐዳኝ አይፎክርም። ባልንጀሮቹ «ይህ ሥጋ ነው ወይስ አጥንት?» በሚል ዐይነት ያቃልሉበታል። ሥጋውን የማከፋፈል መብትም የገዳዩ ሳይሆን የፍላጻው ባለቤት ነው፤ ፍላጻ ደግሞ ከሰው ሰው በውሰት ይዘዋወራል። እንዲህ የሚያደርጉት በክፋት አይደለም፤ ጎበዙ ዐዳኝ በጉብዝናው ልቡ አብጦ በሌሎች ላይ እንዳይሠለጥን ነው። ከዚህ አንድ ትልቅ ትምህርት እናገኛለን። እኩልነት የሥልጣኔ ጉድለት ወይም በራሱ የሚበቅል የዱር አረም አይደለም። እንደ ማሳ በየጊዜው የሚታረምና የሚጠበቅ ሥራ ነው።

«ይህ በሠላሳና በኀምሳ ሰው ሰፈር ይቻል ይሆናል፤ በብዙ ሺሕ ሕዝብ ዘንድ ግን አይሆንም» የሚል ተቃውሞ መነሣቱ አይቀርም። ተቃውሞው ክብደት አለው። ሮበርት ሚኬልስ የተባለው ትውልደ ጀርመን የኅብረተሰብ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1911 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ለእኩልነት የቆሙ ማኅበራትና የሠራተኛ ፓርቲዎች ጭምር ሲሰፉ በጥቂት መሪዎች እጅ እንደሚወድቁ ገልጾ፣ ይህንን ዝንባሌ የጥቂቶች አገዛዝ የብረት ሕግ ብሎ ሰይሞታል። ምክንያቱም ብዙ ሕዝብ ሲደራጅ መዝገብ የሚይዝ፣ ገንዘብ የሚያስቀምጥ፣ በስሙ የሚናገር ሰው ያስፈልገዋል፤ ያ ሰው ደግሞ ከጊዜ ብዛት ከቦታው ጋር ይጣበቃል። ታዲያ ብዙ ሕዝብ ሆኖ ይህን መጣበቅ የሚያላቅቅ ዘዴ ያበጀ ኅብረተሰብ ነበረን? አዎን፣ ነበረ። እርሱንም ለማግኘት ከአገራችን መውጣት አያሻንም።

በአሥራ ስድስተኛው ምዕተ ዓመት መገባደጃ ላይ አባ ባሕርይ የተባለ የጋሞ አገር መነኩሴ ስለ ኦሮሞ ሕዝብ በግዕዝ አንድ አጭር ታሪክ ጻፈ። ባሕርይ አገሩ በጦርነቱ የተጎዳበት ሰው እንጂ የኦሮሞ ወዳጅ አልነበረም፤ ስለዚህ ያመሰገነው ነገር ቢኖር እያቅማማ ነው። የመጀመሪያው ትውልድ መልባሕ በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን ወደ ባሊ፣ ማለትም በዛሬው ባሌ አካባቢ ወደ ነበረው አገር፣ መግባቱን ይተርካል። ከዚያም እነዚህ ሰዎች እንደ ሌላው ሕዝብ ንጉሥና ጌታ እንደሌላቸው፣ ለአንድ ሉባ ስምንት ዓመት ታዝዘው ሲያበቁ ሌላ ሉባ እንደሚተካ ጽፎአል። ክርስቲያኑ መንግሥት በቁጥር ብዙ ሆኖ ሳለ ስለምን ይሸነፋል ብሎ በመጠየቅም የራሱን ኅብረተሰብ በዐሥር ክፍል ይዘረዝራል፤ ዘጠኙ በየማዕረጋቸው ምክንያት ከጦርነት የሚቀሩ፣ የሚዋጋውም ዐሥረኛው ብቻ መሆኑን ያሳያል። በሌላው ወገን ግን ታላቁም ታናሹም ይዘምታል። ስለዚህ ተዋረድ ሁልጊዜ ኀይል እንደማይሆን፣ ድካም ሊሆንም እንደሚችል አንድ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ ከአራት መቶ ዓመት በፊት አስተውሎ ነበር።

ባሕርይ ያየው ሥርዓት ገዳ ይባላል። አሠራሩ በተለይ በቦረና ዘንድ በደንብ ተጠንቶአል፤ ፕሮፌሰር አስመሮም ለገሠ እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተሙት መጽሐፍ ለዚህ ዋና ምስክር ነው። አሠራሩ ባጭሩ የሚከተለው ነው። ወንዶች በአምስት ጭፍራ ይመደባሉ። እያንዳንዱ ጭፍራ ለስምንት ዓመት ሥልጣን ይይዝና ለሚቀጥለው ያስረክባል፤ አምስት ጊዜ ስምንት አርባ ስለሚሆን፣ ተራው ወደ መጀመሪያው ጭፍራ የሚመለሰው ከአርባ ዓመት በኋላ ነው። ልጅ የአባቱን ጭፍራ ተከትሎ ከልጅነት ጀምሮ በየስምንት ዓመቱ ከእርከን ወደ እርከን ይሸጋገራል፤ ሥልጣን ከመያዙም በፊት ለዚያ የሚያበቃውን ልምምድ ያልፋል። መሪዎቹ ይመረጣሉ፤ የበላዩም «አባ ገዳ» ይባላል። ዘመኑ ሲያልቅ ሥልጣኑን በሥነ ሥርዓት አስረክቦ መካሪ ሽማግሌ ይሆናል። በቦረና በየስምንት ዓመቱ የሚሰበሰበው ጉሚ ጋዮ የተባለው ታላቅ ጉባኤ ሕግ ያወጣል፤ የሹማምንቱን ሥራ ይመረምራል፤ ያጠፋውንም ከሹመቱ ሊያወርድ ይችላል። በዚህ ሥርዓት ውስጥ «ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው ተረት ቦታ የለውም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ገዳ ተዋረድን አላጠፋም። እርከኖች አሉት፤ አዛዥ አለው፤ ሥነ ሥርዓቱም ጥብቅ ነው። ያደረገው ነገር ሌላ ነው፤ ደረጃን በሰው ላይ ሳይሆን በዘመን ላይ ተከለ። ዛሬ በታች ያለው ነገ በላይ ይሆናል፤ ዛሬ በላይ ያለውም የሚወርድበትን ቀን አስቀድሞ ያውቀዋል። የሚወርድበትን ቀን የሚያውቅ ሰው ደግሞ ነገ በሚገዛው ሰው ላይ እጁን ከማንሣቱ በፊት ያስባል።

ይሁን እንጂ እውነትን ፈላጊ ሰው የሚወደውን ነገር ጉድለትም አይሸፍንም። በገዳ ሹመት ውስጥ ሴቶች ቦታ አልነበራቸውም። ቀጥቃጮች፣ ሸክላ ሠሪዎችና ፋቂዎች በኦሮሞም ዘንድ፣ እንደ ብዙው የኢትዮጵያ ሕዝብ፣ ከጋብቻና ከክብር የራቁ ነበሩ። የልጅ ተራ በአባቱ ተራ እንጂ በራሱ ዕድሜ ስለማይወሰን፣ ከትውልድ ብዛት አንዳንዱ ተራው ሲደርስ እጅግ አርጅቶ፣ አንዳንዱም ገና ልጅ ሆኖ ይገኝ እንደነበር የአስመሮም ጥናት አሳይቶአል። ስለ ሴቶች ግን አንድ የሚጨመር ነገር አለ። በአርሲና በባሌ እናት ልጇን ስትድር «ሲንቄ» የተባለ በትር ትሰጣታለች። ያገባች ሴት ስትበደል ሲንቄዋን ይዛ ትጮሃለች፤ ጩኸቱን የሰሙ ሴቶችም ሲንቄያቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ በዳዩ ካሣ እስኪከፍልና ዕርቅ እስኪወርድ ድረስም ወደየቤታቸው አይመለሱም። ከሹመት የተገለሉት ሴቶች ሹሙን የሚገታ ኀይል አብጅተዋል። በ2009 ዓ.ም. ኅዳር ወር የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት በአዲስ አበባ ባደረገው ስብሰባ የገዳን ሥርዓት በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ አስገብቶአል።

በሌላ በኩል ባሌ ሁለተኛውን ዐይነት ተዋረድ በሚገባ ቀምሶታል። በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ አገሩ በዐፄ ምኒልክ ግዛት ሥር ሲውል፣ ለሹሙና ለወታደሩ በደመወዝ ፈንታ ገባር ይመደብለት ጀመር። ገባሩ እህል፣ ማርና ጉልበት ይሰጣል፤ ከአገሬው ወገን የተመረጡትም ባላባት ተብለው ከመሬቱ ድርሻ ያገኛሉ፤ ባላባትነቱም ለልጅ ይተርፋል። በስምንት ዓመት ይወርድ የነበረው ሥልጣን መውረጃ የሌለው ሆነ። የኋላ ኋላም የመሬት ቅየሳው፣ የግብሩ ጫናና የአስተዳደሩ በደል ሕዝቡን አስመረረው። በ1950ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ የተነሣውና ከመሪዎቹ አንዱ ዋቆ ጉቱ የነበሩበት የባሌ ዐመፅ እስከ 1962 ዓ.ም. ቆየ። ሰማይ ነው የተባለው ነገር የሚታረስ መሬት መሆኑን ሕዝቡ ተረድቶ ነበር ማለት ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ሲወጣ የጭሰኛና የባለ መሬት ግንኙነት በሕግ ተሰረዘ፤ ለአንድ ቤተሰብ የሚፈቀደውም መሬት ከዐሥር ሄክታር እንዳይበልጥ ተወሰነ።

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ትምህርቱ ቀላል በሆነ ነበር። በዚያው ዘመን «ደጃዝማች»ና «ፊታውራሪ» የሚሉት ማዕረጎች ቀርተው ሰው ሁሉ «ጓድ» ተባለ። ቃሉ እኩያ ማለት ነበር። ብዙም ሳይቆይ ግን ከጓዶች ሁሉ በላይ የሆነ አንድ «ጓድ ሊቀ መንበር» ተገኘ። ገበሬው ከመሬት ከበርቴ ቢላቀቅም እህሉን መንግሥት በወሰነው ዋጋ በኮታ እንዲሸጥ፣ ጎጆውንም በታዘዘው መንደር እንዲሠራ ተገደደ። ከሳሽም ዳኛም ያው አንድ ወገን ስለነበር አቤት የሚባልበት አልነበረም። ይህም አገዛዝ በ1983 ዓ.ም. በጦርነት ወደቀ። ስለዚህ የማዕረግ ስም መሰረዝና ተዋረድን መሰረዝ አንድ አይደሉም። በስሙ እኩልነት ሆኖ መውረጃ ቀን ያልተቆረጠለት ሥልጣን፣ በስሙ ንግሥና ከሆነው ጋር ፍሬው ይመሳሰላል።

እንግዲህ ወደ ተነሣንበት ጥያቄ እንመለስ። የሥራ ተዋረድ ብዙ ሰው ባለበት ሁሉ የሚቀር አይመስልም፤ ዐጨዳም መሪ፣ ጉባኤም ሰብሳቢ ይሻል። የማዕረግ ተዋረድ ግን ግድ አይደለም፤ ሰዎች ያቆሙት፣ ሰዎች የሚያፈርሱት፣ ካልተጠነቀቁም መልሰው የሚያቆሙት ነገር ነው። አንዱ ወደ ሌላው እንዳይለወጥ የሚጠብቁት ሦስት ጥያቄዎች ናቸው። ወደ ቦታው የሚገባው በምንድን ነው፣ በመወለድ ወይስ በመመረጥ? የሚወጣውስ መቼ ነው? በቦታው ሳለስ ማን ይጠይቀዋል? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች በቅርባችሁ ባለ ነገር ሁሉ ላይ ልታቀርቡአቸው ትችላላችሁ። በሮቤም ሆነ በጎባ፣ በዕቁብ ውስጥ ባለ ሱቁና የጉልበት ሠራተኛው እኩል ጥለው በዕጣ ተራ በተራ ይቀበላሉ፤ ዳኛው የዕቁቡ ዳኛ እንጂ የሰዎቹ ጌታ አይደለም። በዕድር ውስጥ ግን አንድ ገንዘብ ያዥ ሒሳብ ሳያሳይ ዐሥር ዓመት ቢቀመጥ፣ የብረቱ ሕግ በዚያች ትንሽ ማኅበር ውስጥም ሥራውን ጀምሯል ማለት ነው።

«እርስዎ» ማለትን መተው አያስፈልገንም። ታላቅን ማክበር መልካም ነው። ነገር ግን አክብሮት ከልብ የሚሰጥ ስጦታ እንጂ ከአንገት የሚወሰድ ግብር መሆን የለበትም፤ «እርስዎ» የተባለውም ሰው እንደ ማንኛውም ሰው «ይህን ስለ ምን አደረጉ?» ተብሎ ሊጠየቅ ይገባዋል። ሰዋስዋችን ይህን ጥያቄ በሙሉ አክብሮት ለመጠየቅ ይፈቅድልናል።

መልመጃ

1. የሥራ ተዋረድና የማዕረግ ተዋረድ በምን እንደሚለያዩ፣ በጽሑፉ ውስጥ ያልተጠቀሰ አንድ አንድ ምሳሌ በመስጠት በራሳችሁ አባባል አስረዱ።

2. «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት ስለ ሥልጣን የሚያስተላልፈው አስተሳሰብ ምንድን ነው? «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ከሚለው ጋር በማነጻጸር ጻፉ።

3. ጸሐፊው የገዳን ጉድለቶች የዘረዘረው ስለ ምን ይመስላችኋል? ይህ ክፍል ቢወጣ ጽሑፉ ምን ይጎድለዋል?

4. የሚከተሉትን ዐረፍተ ነገሮች በአክብሮት አነጋገር ጻፉ፤ የተለወጡትንም ቃላት አስምሩባቸው። ሀ) አንተ መጽሐፍህን አመጣህን? ለ) አንቺ ስለ ምን ዘገየሽ? ሐ) ሒሳቡን ለማኅበሩ አሳይ።

5. በምታውቁት አንድ ማኅበር ወይም የትምህርት ቤት ክበብ ላይ ሦስቱን ጥያቄዎች በማቅረብ፣ ከሃያ መስመር የማያንስ አብራሪ ድርሰት ጻፉ።